ያባረርኳቸው ሽማግሌዎች

የምሠራበትን ቤት አድራሻ ለገዛ ልጆቼ እንኳን ነግሬአቸው አላውቅም። «እማዬ፣ የት ነው የምትሠሪው?» ሲሉኝ «ደቡብ ስቶክሆልም፣ ሴቶች ጋ» እላለሁ፤ በዚያው ያበቃል። ባሎቻቸው የደበደቧቸው ሴቶች ከነልጆቻቸው የሚሸሸጉበት ቤት ነው። በሩ ላይ ስም የለም። እዚያ ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ሾርባ አሞቃለሁ፣ ቅጽ እሞላለሁ፣ ከሶሻል ጋር በስልክ እጨቃጨቃለሁ። ሶሻል የምንለው የማዘጋጃ ቤቱን የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ነው፤ እኔ በምኖርበት በፊቲያ ይህን ቃል የማያውቅ አበሻ ያለ አይመስለኝም። መጨቃጨቁን ደግሞ እችልበታለሁ። አለቃዬ ከባድ ስልክ ሲመጣባት «ላንቺ ነው» ብላ ታቀብለኛለች።

እሷ የመጣችው በየካቲት መጨረሻ፣ ስምንት ዓመት ከሆናት ልጇ ጋር፣ በአንድ ሻንጣ ነው። ከሩቅ ሰሜን ዐሥራ አምስት ሰዓት በባቡር ተጉዘው ነበር። ሳሚ ናት። ሳሚዎች ስዊድን የሚባል መንግሥት ሳይኖር ጀምሮ ሰሜኑን ይዘው የኖሩ፣ የበረዶ አገር አጋዘን የሚያረቡ ሕዝብ ናቸው። ይህን ያህል ዘመን እዚህ አገር ኖሬ፣ ዜግነት ወስጄ፣ ግብር ከፍዬ፣ ከአገሩ ባለቤቶች አንዷን በቅርብ ሳይ የመጀመሪያዬ መሆኑ አሳፈረኝ። ለምን እዚህ ድረስ እንደላኳት አለቃዬን ጠየቅኳት። እዚያ መጠለያ እንደ ልብ የለም፤ ቢኖርም ሰው ሁሉ ይተዋወቃል፤ አንዱ የአንዱ አጎት ነው። ስለዚህ ሴቲቱ ትሸሻለች፣ ባልየው ቤቱ ይቀመጣል። ይሄን ስሰማ ደሜ ፈላ፤ ለምን እንደፈላ ኋላ እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ምንም አላወራችም። አማካሪያችን ጠረጴዛ ላይ ሻማ አብርታ፣ የእንባ መጥረጊያ ወረቀት አስቀምጣ ትጠብቃታለች። እሷም ትቀመጣለች፣ ሰዓቱ ይሞላል፣ «አመሰግናለሁ» ብላ ትወጣለች። በእነዚያው ሁለት ሳምንታት ግን የቤታችንን ግማሽ ጠገነች። የአንዷን እናት የሕፃን ጋሪ ጎማ አስተካከለች። ስንት ወር ሙሉ አልዘጋ ያለንን የሳሎን መስኮት በሹካ ፈትታ ገጠመችው። ባለሙያው «አዲስ ግዙ» ብሎን የሄደውን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ወለሉ ላይ አስተኝታ፣ ከሆዱ አንድ የሕፃን ካልሲ ጎትታ አወጣችና በሁለት ጣቷ ይዛ አሳየችኝ። አልሳቀችም። እኔ ግን እስኪያመኝ ሳቅኩ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ወደድኳት።

አንድ ቀን ቆሻሻ ልጥል ስወጣ ተከተለችኝ። ከቆሻሻ መጣያው ጀርባ ወደ ጫካ የሚገባ ቀጭን መንገድ አለ፤ ዝም ብላ ገባችበት፤ ብቻዋን እንዳትሄድ ብዬ እኔም ገባሁ። መቶ እርምጃ ያህል እንደሄድን፣ ፊቷን ወደ ፊት እንዳደረገች፣ መናገር ጀመረች። ያኔ ገባኝ። ይህቺ ሴት ሰው ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ዓይን ዓይኗን እያያት አትናገርም፤ እየሄደች ነው የምትናገረው። ለአለቃዬ «ሻማውን አጥፉት፤ ጫማ ነው የሚያስፈልጋት» አልኳት። ከዚያ በኋላ ሰኞና ሐሙስ ከእሷ ጋር መሄድ የእኔ ሥራ ሆነ። ጉልበቴን ያመኛል፤ በረዶው ያንሸራትታል፤ እየተራገምኩም ቢሆን ሄድኩ።

ባሏ ያደረገባትን እዚህ አልጽፈውም። የእሷ ነው። አንድ ነገር ግን ልናገር፤ ከዱላው ይልቅ ዝም ያሰኛት ሌላ ነገር ነበር። «እኔ ከተናገርኩ፣ 'አየሽ፣ እነዚህ ሰዎች እንዲህ ናቸው' ይላሉ። እኛን ለመናቅ ሰበብ የሚፈልግ ሞልቷል። የእኔን ፊት ለማዳን የሕዝቤን ፊት አሳልፌ የምሰጥ ይመስለኛል» አለችኝ። በበረዶው ላይ ቆም አልኩ። ይህንን ነገር በአማርኛ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ገመናችሁን ፈረንጅ አይይባችሁ፣ አበሻን አታሰድቡ። እኔ ግን እንደዚህ አስባበት አላውቅም ነበር፤ ብቻ እፈራው ነበር። እሷ ፈርታም አስባበታለች። ፈርታም ሻንጣዋን አንስታ ወጥታለች።

የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ የዘመዶቿ ሁሉ የአጋዘን መንጋ ተራራ ላይ ወዳለ አጥር ይገባና በዚያ ዓመት የተወለዱት ጥጆች ጆሮ ላይ የባለቤቱ ምልክት ይቆረጣል። እያንዳንዱ ሰው፣ ልጅም ቢሆን፣ የራሱ የጆሮ ምልክት አለው። ልጇ በመጪው ሐምሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ምልክት በራሷ እጅ እንድትቆርጥ ቃል ገብታላታለች። «ዘንድሮ ካልሄድን ለከርሞም እንቀራለን። ከዚያ ልጄ በገዛ አገሯ እንግዳ ሆና ታድጋለች» አለችኝ። ችግሩ አጥሩ የባሏም አጥር መሆኑ ነው። ከሥራ ባልደረቦቼ «ሂጂ» ያላት አልነበረም። እኔም አላልኳትም። «ስቶክሆልም ትልቅ ከተማ ናት፤ ትለምጂዋለሽ» አልኳት።

«አንቺ ለመድሽው?» አለችኝ። «በረዶው ያንሸራትታል፤ ተጠንቀቂ» አልኳት።

የዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ፣ አንድ ሰኞ ስንሄድ፣ «ሐሙስ የእኔ ሰዎች ይመጣሉ። አክስቴ፣ አጎቴና የባሌ እናት» አለችኝ። በእኛ ቤት ሕግ ዘመድ ወደ መጠለያው አይመጣም። መጀመሪያ ሠራተኛ ሌላ ቦታ ያገኛቸዋል፤ ካመነባቸው ሴትየዋ ትጠራለች። እንድሄድ የለመነችው እኔን ነው። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። «የባሌ እናት» የሚለው ሌላውን ሁሉ ከጆሮዬ አጠፋው።

አሁን ደሜ ለምን እንደፈላ ልንገራችሁ። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ ፊቲያ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ባለው ቤታችን፣ ባለቤቴ የላካቸው ሦስት ሽማግሌዎች መጡብኝ። ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ሶፋዬ ላይ በአንድ ረድፍ ተቀመጡ። ለስላሳ አቀረብኩላቸው። ከንፈሬ አብጦ ነበር፤ ሦስቱም ጠርሙሱን እያዩ ነው ያነጋገሩኝ። ልጆችሽን አስቢ አሉኝ። ጠባዩ ነው፣ ልቡ ግን ደህና ነው አሉኝ። ሽማግሌ እምቢ አይባልም፤ ተነሥቼ ጉልበታቸውን ስሜ ይቅር አልኩ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ አንዱ ልጄን ክርስትና ያነሳ ነው። ከአራት ወር በኋላ ሁለት ልጆችና አንድ የላስቲክ ከረጢት ይዤ በበረዶ ወጣሁ። እሱ ቤቱ ቀረ።

እንግዲህ ሐሙስ ዕለት ሻርሆልመን የገበያ ማዕከል ውስጥ ወዳለው ካፌ ስገባ ምን አየሁ መሰላችሁ? ሦስት ሽማግሌዎች፣ ንጹሕ ልብስ ለብሰው፣ በአንድ ረድፍ። አክስትየዋ፣ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ቀጭን ሴት፣ ሊጨብጡኝ ተነሡ። እጄን አልሰጠኋቸውም።

«ልታገኛችሁ አትፈልግም። ይቅር ልታስብሉ ከሆነ የመጣችሁት፣ በከንቱ ደክማችኋል» አልኳቸው።

«እንዲህ አለች?» አሉኝ አክስትየዋ።

«አዎ» ብዬ ዋሸሁ።

አጎትየው ኮፍያቸውን አነሡ። የባልየው እናት፣ አጭር ወፍራም ሴት፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ። እኔም በልቤ፣ ልጅሽን ስታሳድጊ ማልቀስ ነበር አልኩ። ሦስቱም ተራ በተራ ወጡ። እውነቱን ልናገር? ደስ አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለእነዚያ ለሦስቱ ልነግራቸው የፈለግኩትን የተናገርኩ ያህል ተሰማኝ። አንገቴን ቀና አድርጌ ነው የተመለስኩት።

እሷ ወጥ ቤት ሆና ትጠብቀኝ ነበር። ጸጉሯን ጎንጉናለች፤ ደረቷ ላይ አይቼው የማላውቀው የብር ጌጥ አድርጋለች። ልጅቷም ታጥባ፣ ተበጥራ አጠገቧ ተቀምጣለች።

«የት ናቸው?» አለችኝ።

«ሸኘኋቸው። አትፈልግም አልኳቸው። የእናንተን ሽማግሌዎች ባላውቅ የእኛን አውቃለሁ፤ ወደ እሱ ሊመልሱሽ ነው የመጡት።»

እስካሁን የሚገርመኝ ፊቷ ነው። ቀስ እያለ ቀላ። «ሊጠይቁኝ ነው የመጡት» አለች።

«ምን ብለው?»

«ምን እንደምፈልግ።»

ቤተሰቡ ስለ እሷ ሦስት ቀን ተሰብስቦ ነበር። ከእሷ አፍ ሳይሰማ አንዳች ነገር እንዳይወሰን ተስማሙ። በስልክ አይሆንም፣ ሦስት ሰው ሄዶ ይስማት ተባለ። ሦስተኛዋን ሰው የመረጣት የለም፤ የባሏ እናት ራሷ ተነሥታ፣ «የወለድኩት እኔ ነኝ፤ የእሷን ቃል እኔ እነግረዋለሁ» አለች። ባቡራቸው ዛሬ ማታ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሣል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ መንጋው ወደሚወልድበት ቦታ ይጓዛል፤ እስከ ሐምሌ ድረስ ማንም ወደዚህ አይወርድም። ሳይሰሟት ከሄዱ አጥሩ ያለእሷ ይከፈታል።

ይህን ሁሉ በዝግታ ከነገረችኝ በኋላ፣ ከመጣች ጀምሮ ሰምቼው የማላውቀውን ድምፅ አወጣች። «የእኔን አፍ ማን ሰጠሽ? እሱም እኮ እንዲህ ነበር የሚያደርገኝ። በእኔ ፋንታ ይመልስ ነበር!»

በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤአለሁ፤ እንደዚያ ልቤ የገባ ግን የለም። ትክክል ነበረች።

ለአለቃዬ ሁሉንም ነገርኳት። ተቆጣች፤ የተቆጣችውን ያህል ደግሞ ቸኮለች። የሰሜን ባቡሮች የሚነሡበት ጣቢያ ለእሷ አደገኛ ነው፤ ማን እንደሚያያት አይታወቅም። ስለዚህ ተላኪዋ እኔ ሆንኩ። የብር ጌጡን ከደረቷ ፈታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። «ይህን ካዩ ከእኔ እንደመጣሽ ያውቃሉ። ያልኩሽን ብቻ በይ፤ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ» አለችኝ። አትጨምሪ! እኔን ያህል ለፍላፊ! ቃሏ ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ከሻርሆልመን በቀዩ መስመር ቱነልባና የሚባለውን የምድር ውስጥ ባቡር ተሳፍሬ እስከ መሀል ከተማ ድረስ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ስደጋግመው፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ቦታ ቀየረ።

ትልቁ አዳራሽ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ፔርሙዝ ከፍተው በተራ ይጠጣሉ። እንዴት ይቅርታ እንደሚጠይቁ በስዊድንኛ አውቃለሁ፤ እግሬ ግን የሚያውቀው የአገሬን ነው። ጎንበስ ብዬ የአክስትየዋን ጉልበት ያዝኩ። አጎትየው አንድ ነገር የወደቀብኝ መስሏቸው አግዳሚው ሥር መፈለግ ጀመሩ።

«ዋሽቻችኋለሁ» አልኳቸው። «እሷ ልታያችሁ ለብሳ ትጠብቅ ነበር። እኔ ነኝ ያልፈለግኳችሁ።» ጌጡንም አሳየኋቸው።

አክስትየዋ ጌጡን አገላብጠው አዩት። «ቃሏ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ሐምሌ ላይ እመጣለሁ። ልጄ ምልክቷን ትቆርጣለች። እሱ አይመጣም።»

አልጨመርኩም። አክስትየዋ ቃሉን በቋንቋቸው፣ ጮክ ብለው፣ ለአጎትየው ተናገሩት። አጎትየው ተቀብለው ደገሙት። ከዚያ የባልየው እናት ደገሙት፤ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ድምፃቸው ተሰበረ፣ ቆም አሉ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምረው እስከ መጨረሻው አሉት። «በእኛ ቤተሰብ ቃል የምንሸከመው እንዲህ ነው። አንዱ ቢረሳ፣ አንዱም ሊያጣፍጠው ቢሞክር፣ ሁለቱ አሉ» አሉኝ አክስትየዋ። ያቺን አጭር ወፍራም ሴት አየኋት፤ አየኋቸው ልበል እንጂ። ልጃቸውን አይምጣ የሚል ቃል ደረታቸው ላይ ይዘው ዐሥራ አምስት ሰዓት ሊጓዙ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ጀግንነት በዓይኔ አላየሁም።

«ለምን ዋሸሽን?» አሉኝ አክስትየዋ። አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቼ እንኳን ዘርዝሬ የማላውቀውን የሶፋውን፣ የለስላሳውን፣ ያበጠውን ከንፈር ነገር ነገርኳቸው። ሦስቱም እንደ እሷ ወደ ፊት እያዩ ሰሙኝ። ሲያልቅ አክስትየዋ፣ «አንቺ ግን ያኔ ምን ነበር የምትፈልጊው?» አሉኝ።

ከየት እንደምጀምር ሳሰላስል ባቡራቸው ተጠራ። የባልየው እናት ከቦርሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለ የደረቀ የአጋዘን ሥጋ አውጥተው እጄ ላይ አኖሩ፤ የእኛን ቋንጣ ነው የሚመስለው። ጾም ላይ መሆኔን ነገርኳቸው። «ታዲያ ሲያልቅ ብይዋ» አሉኝ። ጾሙን የፈታሁት በእሱ ነው። ልጆቼ ዶሮ ወጡን ትተሽ ምን ነካሽ ብለው ሳቁብኝ።

ጌጡን መለስኩላት፤ እንዴት እንደደጋገሙት ነገርኳት። የባሏ እናት ከመጀመሪያው ጀምረው እንደገና አሉት ስላት ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። እኔ ላይ ሳምንት ያህል አኩርፋ፣ አንድ ሰኞ ጫማዬን አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠችልኝ። አለቃዬ ከሶሻልና ከፖሊስ ጋር ተነጋግራ፣ ሁሉም ነገር በወረቀት ሆነ። ሐምሌ ሲደርስ አጎትየው መጥተው ወሰዷቸው። የሄዱ ዕለት ጠዋት የወጥ ቤቱን መሳቢያ ስትጠግን ነበር።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ሰውዬው ቢመጣስ? ሽማግሌ በመጨረሻ ቢለሳለስስ? የእኛዎቹን እያሰብኩ ተብሰከሰክኩ።

የደወለችው ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ነው። እኔ የሕንፃችን ነዋሪዎች በተራ በምንጠቀምበት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ እርጥብ አንሶላ ክንዴ ላይ አድርጌ ቆሜ ነበር። በስልኩ ውስጥ የጥጆች ጩኸት ይሰማል፤ እሷም ትጮሃለች፣ በደስታ። አልመጣም! የባሏ እናት ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው አጥሩ በር ላይ በላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል፤ እሳቸውን አልፎ የሚገባ የለም። ልጅቷ የመጀመሪያውን ጆሮ ቀስ ብላ ቆረጠች፤ ሁለተኛውን በአንድ ጊዜ። እልል አልኩ፤ ክፍሉ ባዶ ስለሆነ በደንብ አስተጋባልኝ።

«አክስቴ ትፈልግሻለች» አለችኝ።

«ጥያቄዬን አልመለስሽልኝም እኮ» አሉ አክስትየዋ። ሰላምታ እንኳን የለም።

አንሶላው ክንዴ ላይ ውሃ እያንጠባጠበ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ማንም ያልጠየቀኝ ነገር ነው፤ ስጠየቅ ደግሞ ከየት እንደምጀምር አላወቅኩም ነበር። አሁን ግን ከእሷ ተምሬአለሁ፤ ማሳጠር ነው።

«ከልጆቼ ጋር ቤቴ መቅረት ነበር የምፈልገው» አልኳቸው። «እሱ እንዲወጣ።»

አክስትየዋ አላጽናኑኝም። በቋንቋቸው፣ ጮክ ብለው፣ ቃሌን ተናገሩት። የአጎትየው ድምፅ ተቀብሎ ደገመው። ከዚያ ራቅ ካለ ቦታ፣ ከአጥሩ በር በኩል፣ የአንዲት አሮጊት ድምፅ እስከ መጨረሻው አለው። የማጠቢያ ሰዓቴ አልቆ ጎረቤቴ በሩን እስኪያንኳኳ ድረስ፣ ፊቴን በአንሶላው ሸፍኜ አለቀስኩ።